ዝውውር፣ ቅያሬ ወይስ ውድድር? ትምህርት ቤት መቀየር ለሚያስብ መምህር

ግንቦት ሲጋመስ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬ ይቀየራል። የጤፍ ዋጋውም፣ የማርክ ሊስቱም ወደ ጎን ይባልና "ዘንድሮስ ሞላህ?" ይጀመራል። ምኑን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዝውውር ፎርሙን ነው።

እኔ ሦስት ጊዜ ሞልቻለሁ። ሁለቴ ሳይሳካ ቀረ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ተዛወርኩ፤ ግን በሞላሁት ፎርም ሳይሆን በቅያሬ፣ ከሌላ መምህር ጋር ቦታ በመለዋወጥ ነው። ከዚያ ሁሉ ደጅ ጥናት በኋላ የገባኝን ልንገራችሁ። የምጽፈው በዋናነት ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስለ ግሉ መሃል ላይ ትንሽ እላለሁ።

አንድ ቀጣሪ፣ ብዙ ካዝና

ብዙዎቻችን "ቀጣሪዬ መንግሥት ነው፤ ከመንግሥት ወደ መንግሥት መሄድ ምን ይከብዳል?" ብለን እንነሳለን። በስሙ እውነት ነው። ካዝናው ግን አንድ አይደለም። የወረዳ መምህር ደመወዝ የሚወጣው ከወረዳው በጀት ነው። መደቡም የተያዘው እዚያው ነው። ስለዚህ እናንተ ሻንጣ ይዛችሁ ስትወጡ የለቀቃችሁ ወረዳ መምህር ይጎድልበታል። የተቀበላችሁ ወረዳ ደግሞ ደመወዝ ይጨመርበታል። ሁለቱም በየፊናቸው እሺ ማለት አለባቸው።

ሁለት ፊርማ ማለት ነው። አንዱ የሚለቅ፣ አንዱ የሚቀበል። መንገዶቹን ሳወዳድር የምጀምረው "የቱ ፊርማ ነው የሚቸግረኝ?" ከሚለው ነው።

መልሱ በምታስተምሩት ትምህርት ይለያያል። የፊዚክስ ወይም የሂሳብ መምህር ብዙ ጊዜ ተቀባይ አያጣም። የሚያጣው የሚለቀውን ነው። "አንተን ሸኝቼ ማንን ላስገባ?" ይባላል። መምህር የተትረፈረፈበት ትምህርት ላይ ያላችሁ ደግሞ አለቃችሁ በፈገግታ ይሸኛችኋል፤ የምትሄዱበት ቢሮ ግን "ክፍት መደብ የለም" ብሎ ይመልሳችኋል። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም። ችግራቸው አንድ አይደለምና።

እዚያው ወረዳ ውስጥ መቀየር

ከሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው። ካዝናው አንድ ስለሆነ የሚያስፈልገው አንድ ፊርማ ነው። ደመወዛችሁ፣ የደረጃ እድገታችሁ፣ ፋይላችሁ የትም አይሄድም። ማመልከቻ ታስገባላችሁ፣ ነጥብ ይሠራል፣ ክረምት ላይ ድልድሉ ይለጠፋል።

ነጥቡ ውስጥ በብዛት የሚገቡት የአገልግሎት ዘመን፣ አሁን ባሉበት ትምህርት ቤት የቆዩበት ጊዜ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትና እንደ ቤተሰብ ወይም ጤና ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ክብደት ከክልል ክልል ይለያያል። ስለዚህ የጓደኛን ወሬ ትታችሁ የዘንድሮውን መመሪያ ራሱን ጠይቃችሁ አንብቡ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ኮፒ አይጠፋም። ፎቶ አንሱት።

ክፉ ጎኑ ግልጽ ነው። አስፋልት ዳር ያለውን ትምህርት ቤት ሁሉም ይፈልገዋል። 20 ዓመት ያገለገሉ ጋሼ ከፊታችሁ ተሰልፈው አራት ዓመት ያላችሁ እናንተ በነጥብ አትቀድሟቸውም። አንደኛ ምርጫ ላይ እሱን ሞልታችሁ፣ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም የከተማ ትምህርት ቤት ካደረጋችሁ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። እኔ መጀመሪያ የወደቅኩት በዚህ ነው። ከከተማው በባጃጅ 15 ደቂቃ የሚርቅ ትምህርት ቤት ነበር። ንቄ አልሞላሁትም። ከእኔ በአገልግሎት ያነሰ ልጅ ገባበት።

ሌላም አለ። የምትሄዱበት ትምህርት ቤት ስንት ሴክሽን እንዳለው ሳትጠይቁ አትሂዱ። በእናንተ ትምህርት ሁለት መምህራን በሳምንት 12፣ 12 ፔሬድ ብቻ ይዘው ከተገኙ አንዱ ትርፍ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሽግሽግ ይመጣል። ማን ይነሳል? ብዙ ጊዜ መጨረሻ የመጣው። ለምናችሁ የገባችሁበትን ሳትለምኑ ትለቁታላችሁ።

ከወረዳ ወረዳ፣ ከዞን ዞን

እዚህ ሁለቱም ፊርማዎች ይመጣሉ። ከዞን ዞን ሲሆን የዞኑ ትምህርት መምሪያ፣ አንዳንዴም የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይገባበታል። የመጨረሻው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ወረዳው ላይ ነው፤ መደቡና በጀቱ ያለው እዚያ ነዋ።

"ተተኪ ሲገኝ ይለቀቃል" የምትል ሐረግ አለች። መምህር የሆነ ሰው ያውቃታል። ስታነቧት ተስፋ ትሰጣለች። ትርጉሟ ግን "ቁጭ በል" ነው። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ ተቀባዩ ወረዳ በደብዳቤ ተስማምቶልኝ ነበር። የነበርኩበት ጽሕፈት ቤት ይህቺን ሐረግ ጻፈልኝ። ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ስመላለስ ኃላፊው አንዴ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንዴ መስክ ወጥተዋል፣ አንዴ ሥልጠና ላይ ናቸው። ትምህርት ተጀመረ። የተቀባዩ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ አረጀ።

ዛሬ ቢሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር። መጀመሪያ መልቀቅ የሚችለውን ቢሮ ሰው አናግራለሁ። "ብጠይቅ ትለቁኛላችሁ ወይ? በማን ትተኩኛላችሁ?" እላለሁ። መልሱ ጭንቅላት መነቅነቅ ከሆነ ተቀባይ ፍለጋ የትራንስፖርት ብር አላባክንም። በቀጥታ ወደ ቅያሬ እሄዳለሁ።

ቅያሬ

ቅያሬ ሁለቱንም ፊርማ በአንድ ጊዜ ስለሚፈታ ወድጄዋለሁ። እኔ ወዳንተ፣ አንተ ወደ እኔ። የትኛውም ወረዳ መምህር አይጎድልበትም፣ አዲስ በጀትም አይጠየቅም። "ተተኪ የለም" የሚለው ምክንያት አፉን ይዘጋል፤ ተተኪውን እጁን ይዛችሁ መጥታችኋልና።

ችግሩ ሰውየውን ማግኘቱ ነው። ድሮ ክረምት ላይ ለትምህርት ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ዶርም ውስጥ ነበር የምንፈላለገው። አሁን ቴሌግራም አለ። "ባዮሎጂ፣ ዲግሪ፣ ከዚህ ዞን ወደዚያ ዞን፣ ቅያሬ የሚፈልግ በውስጥ መስመር" የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። ጥሩ ነው። ግን የሚመሳሰሉት ነገሮች መመሳሰላቸውን አጣሩ።

ትምህርቱ አንድ መሆን አለበት። የማስተማሪያ እርከኑም እንዲሁ። አሁን ሥርዓቱ 6-2-4 ሆኗል፤ ከ1 እስከ 6 የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7 እና 8 መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ። ዲፕሎማ ይዞ 5ኛ ክፍል የሚያስተምርና ዲግሪ ይዞ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር አንድ ግቢ ውስጥ ቢሆኑም ለቅያሬ አይገናኙም።

ሰው የሚረሳው የደረጃ እድገቱን ነው። መሰላሉን ታውቁታላችሁ፤ ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ከዚያ ተባባሪ መሪ፣ መሪ፣ ከፍተኛ መሪ እያለ ይወጣል። አንዱ ከፍተኛ መሪ፣ ሌላው መለስተኛ ከሆነ ደመወዛቸው በጣም ይራራቃል። ያንን ልዩነት ከፋዩ ተቀባዩ ወረዳ ነው። "ለአንድ መምህር የያዝኩት ብር ይሄ ነው" ብሎ ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ ስልክ ስትለዋወጡ ከ"የት ነህ?" ቀጥሎ "ደረጃህ ስንት ነው?" ይጠየቅ።

ሦስት ነገር ደግሞ ከልምድ። አንደኛ፣ ቦታውን ሳታዩ እሺ አትበሉ። "ከከተማው ቅርብ ነው" ያለኝ ልጅ ቅርብነቱን በእግሩ ለክቶ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። እሱን ትቼ ሌላ ፈለግኩ። ሁለተኛ፣ መሃል ገብቶ ብር የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ተዉት። ፈራሚው እሱ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ደብዳቤ ወጥቶ ሳታዩ ቤታችሁን አትልቀቁ፣ ዕቃም አትሽጡ። አንዱ ሐሳቡን ከቀየረ ቅያሬው ያኔውኑ ይፈርሳል። የምትቀያየራችሁ መምህርትም ሰው ናት፤ ባሏ እምቢ ሊላት ይችላል፣ ልጅ ሊታመምባት ይችላል። መቀየም አያዋጣም። አብራችሁ ቀርባችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብታስፈርሙ ነው የሚሻለው።

ትዳርና ጤና

ከትዳር አጋር ጋር ለመኖር የሚጠየቅ ዝውውር በየመመሪያው ቅድሚያ አለው። መብት ነው፣ አትፈሩ። ግን በወረቀት ይደገፋል። በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብታችሁ ምስክር ወረቀት ሳታወጡ የኖራችሁ ብዙ ናችሁ። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጋባችሁም ማስመዝገብ ትችላላችሁ። የባል ወይም የሚስት መሥሪያ ቤትም "እዚህ በቋሚነት ይሠራል" የሚል ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ሰኔ ላይ ከመሯሯጥ ጥር ላይ አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ሁለታችሁም መምህር ከሆናችሁ ማን ወደ ማን ይሂድ የሚለውን በክብር ወይም በባህል አትወስኑ። ባል ያለበት ቦታ መደብ ከሌለና ሚስት ያለችበት ወረዳ የሱን ትምህርት አስተማሪ አጥቶ ከሆነ እሱ ይሂዳ! በዚህ ነገር አምስት ዓመት ተራርቀው የኖሩ ጥንዶች አውቃለሁ። የሚያስፈልጋቸው ማመልከቻውን ገልብጦ መጻፍ ብቻ ነበር።

በጤና ሲሆን የአንድ ሐኪም ወረቀት ብዙ ቦታ አይበቃም። የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው ላይ በሽታው ብቻ ሳይሆን ለምን ቦታ መቀየር እንዳስፈለገ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ክትትሉ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል ከሆነ ወይም ቆላ የማይስማማችሁ ከሆነ እሱ ይገለጽ።

ከክልል ክልል

እዚህ ላይ "አንድ ቀጣሪ" የሚለው ነገር በጣም ይሳሳል። ከ2012 በፊት ሐዋሳ ዙሪያ የምታስተምር መምህርት ወላይታ ሶዶ ልሂድ ብትል ጉዳዩ የአንድ ክልል፣ የደቡብ ክልል፣ የውስጥ ጉዳይ ነበር። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2015 ደግሞ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። መንገዱ ያው፣ የመኪናው ታሪፍ ብቻ ነው የጨመረው። ዝውውሩ ግን ከክልል ወደ ክልል ሆኗል። ሁለት ቢሮ፣ ሁለት መመሪያ።

ቋንቋ ሌላው ነው። ኦሮሚያ ከ1 እስከ 8 በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያስተምረው። አማራ ክልል ውስጥ ራሱ ከሚሴ፣ ሰቆጣና እንጅባራ አካባቢ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች አሉ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያላችሁ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ትንሽ ይቀላችኋል። ትንሽ አልኩ። 9ኛ ክፍል ገብቶ በልጆቹ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ያልቻለ መምህር ዓመቱ ይረዝምበታል።

በግሌ ቤተሰብ ካላስገደዳችሁ ከክልል ክልል ዝውውርን በፎርም ብቻ እንድትሞክሩ አልመክርም። ቅያሬ ወይም ውድድር ይሻላል።

ማስታወቂያ አይቶ መወዳደር

አዲስ አበባን ጨምሮ ትልልቅ ከተሞች ከውጭ መምህር የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ ክፍት ቦታ አውጥተው በማወዳደር ነው። ፈተና አለ፣ ውጤት አለ፣ ዕድል አለ። ጥሩነቱ ተቀባዩ ፊርማ በራሳችሁ ጉልበት የሚገኝ መሆኑ ነው። ማንንም አትለምኑም።

ጥያቄው "በምን ትገባላችሁ?" ነው። በዝውውር የሄደ ሰው ደረጃውንና ደመወዙን ይዞ ይሄዳል። ተወዳድሮ የገባ ግን በማስታወቂያው በተጻፈው መደብ ነው የሚቀጠረው። ማስታወቂያው የሥራ ልምድ "0 ዓመት" ካለ ዘጠኝ ዓመት የወጣችሁት መሰላል ላይ እንደገና ከታች ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ለጀማሪ መምህር ይሄ ምንም አይደለም፤ የሚያጣው ነገር የለውም። ለመሪ መምህር ግን የብዙ ዓመት ድካም ነው። "በያዝኩት ደረጃ ነው ወይስ በጀማሪ?" ብላችሁ ሳትፈርሙ ጠይቁ። የቃል መልስ ደግሞ መልስ አይደለም።

አለፍ ብሎ አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲሱን ቦታ አግኝታችሁ አሮጌውን ጥላችሁ አትጥፉ። በጽሑፍ መልቀቂያ አስገቡ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ሥሩ፣ መጻሕፍቱንና የላብራቶሪ ዕቃውን አስረክቡ፣ ክሊራንስ ይዛችሁ ውጡ። የጠፋ መምህር የአገልግሎት ማስረጃ ሲፈልግ ነው ዕዳውን የሚያየው። ያ ማስረጃ ከሌለ ደግሞ ለጡረታ የሚቆጠረው ዓመት ይንጠለጠላል። በየወሩ 7 በመቶ ከደመወዛችሁ ተቆርጧል፣ 11 በመቶ ቀጣሪው ጨምሮበታል። የእናንተ ገንዘብ ነው።

በመንግሥት ወጪ በክረምት ዲግሪ ወይም ማስተርስ የተማራችሁ የፈረማችሁትን የግዴታ ውል አውጥታችሁ አንብቡት። አገልግሎቱን የምትሰጡት "ለወረዳው" ነው ወይስ "ለክልሉ" የሚለው? አንዲት ቃል ናት። ግን ዞን ስትቀይሩ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ወይስ አትከፍሉም የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

ትውስትና የግሉ ዓለም

ትውስት የሚባል ነገር አለ። ደመወዛችሁ ከነበራችሁበት እየተከፈለ ለጊዜው ሌላ ቦታ መሥራት። ለወሊድ፣ ለሕክምና፣ ለችግር ቀን ጥሩ ነው። እንደ ዝውውር ግን አትቁጠሩት። በማንኛውም ሰዓት "ተመለሱ" የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ልጃችሁን እዚያ ካስመዘገባችሁ በኋላ ቢመጣስ?

በርካታ ቅርንጫፍ ባለው የግል ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። እውነተኛው አንድ ቀጣሪ እዚያ ነው ያለው፤ ካዝናውም አንድ ነው። ከአያት ወደ ጀሞ ለመቀየር የባለቤቱ ወይም የዋና ርዕሰ መምህሩ ቃል ሊበቃ ይችላል። በዚያው ቃል ግን ሳትጠይቁ ልትዛወሩም ትችላላችሁ። የምትተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ 1156/2011፣ ነው። ስለዚህ የሥራ ውላችሁ ላይ የሥራ ቦታው በስም ተጽፏል ወይስ "ድርጅቱ በሚመድበው ቅርንጫፍ" ይላል? ሁለተኛው ከሆነ ፈርማችሁለታል። ጠዋት ሁለት ታክሲ መያዝ ሲጀመር ነው ትርጉሙ የሚገባው።

ትምህርት ቤቱን ራሱን ስትመርጡ

መንገዱን ከመረጣችሁ በኋላ ቦታው ይቀራል። ሰው ሁሉ ከተማ ከተማ ይላል። ሒሳቡን በወረቀት የሚሠራ ግን ጥቂት ነው። እንበል ገጠር ላይ ለአንድ ክፍል 800 ብር ትከፍላላችሁ፣ ከተማ ላይ 4,000። ልዩነቱ በዓመት 38,400 ብር ነው። የገጠሩ የበረሃ አበል ካለው እሱም ይቀርባችኋል። ከተማው ደግሞ ማታ ማስጠናት፣ ልጅን የተሻለ ትምህርት ቤት ማስገባት፣ ማስተርስ መማር አለው። እነዚህን ካልተጠቀማችሁባቸው ከተማ የገባችሁት ለመብራቱ ብቻ ነው።

ለማወዳደር እኔ የምጠይቀው ርዕሰ መምህሩን አይደለም። እዚያ የሚያስተምር አንድ መምህር ሻይ እጋብዛለሁ። በሳምንት ስንት ፔሬድ ትይዛለህ? ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ፈረቃ አለው ወይ? አፈጻጸም የሚሞላው እንዴት ነው? ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት መምህር ለቀቀ? የመጨረሻው ጥያቄ ሁሉንም ይናገራል። በየዓመቱ አምስት መምህር የሚለቅበት ትምህርት ቤት ክፍት መደብ አያጣም። ለዚህም ነው በቶሎ የሚቀበላችሁ።

እንግዲህ የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ አራት ዓመት ያልሞላችሁ ጀማሪ ከሆናችሁ ውድድርን አትፍሩ፤ የምታጡት ትንሽ ነው። አገልግሎታችሁ ረዥም ከሆነ በነጥብ ስለምትቀድሙ ፎርሙ ለእናንተ ተሠርቷል፤ ደረጃችሁን የሚያስጥል ነገር ውስጥ አትግቡ። ትምህርታችሁ እጥረት ያለበት ከሆነ ቅያሬ። ትዳር ካለ የትዳር ወረቀቱን አስቀድሙ፤ ጎን ለጎን ግን ቅያሬም ፈልጉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሞከር አይከለከልም።

ተሳክቶላችሁ ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ሰው የሚጎዳበት ቦታ አለ። የመጨረሻ ደመወዝ የተከፈለበትን ወር የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትይዙ አትሂዱ። አዲሱ ወረዳ ያንን ካላየ ፔሮል ላይ አያስገባችሁም። እኔ "በፖስታ ይደርሳል" ተብዬ ሄድኩ። መስከረምና ጥቅምትን በብድር ኖርኩ። ኅዳር ላይ ራሴ ተመልሼ ሄጄ፣ ያቺን አንድ ገጽ አስፈርሜ፣ በእጄ ይዤ መጣሁ። ፋይሉ ራሱ የደረሰው በየካቲት ነው።